ሱቅ የሌላት ትርንጎ

ትርንጎ መሞቷን የሰማሁት ቢቸና አስፋልት ዳር ካለው የጫማ ሱቄ ውስጥ፣ አንዲት መምህርት ጫማ እየለካች ሳለ ነው። ከሞጣ የመጣው አውቶብስ ረዳት በሩ ላይ ቆመና ኮፍያውን አውልቆ፣ «እትዬ ማናለሽ፣ ትርንጎ አርፋለች። ቀብሯ ነገ ሞጣ ነው» አለኝ። መምህርቷ አንድ እግሯ አዲሱ ጫማ ውስጥ እንዳለ ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። ግን ምን ልዋሽ፣ ከእንባዬ ጋር አብሮ የመጣው ቅናት ነበር። በእኔ ሱቅ፣ በእኔ ወንበር ላይ፣ የእኔን ጫማ አጥልቃ የምታለቅሰው ለእሷ ነው።

በማግስቱ ከቢቸና ወደ ሞጣ የወጣውን ሰው ያየ ጉድ ይላል። አውቶብስ ተከራዩ፣ አልበቃ አለ፣ ሚኒባስ ጨመሩ። ከደብረ ወርቅ የተሳፈረ አለ፣ ከመርጡለ ማርያም የመጣ አለ፤ ፊቷን አይተው የማያውቁ፣ በስልክ ብቻ ጫማ የገዟት ሰዎች ደረታቸውን ይደቃሉ። ጎረቤቴ አያ ደምለው፣ እኒያ ሚስማርና ቀለም የሚሸጡት፣ ለወንድማቸው ቀብር እንኳ ዓይናቸው ያልረጠበ ሰው፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ተቀምጠው እንደ ልጅ ተነፋረቁ። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆሜ፣ እኔ ብሞት ከዚህ ሁሉ ሰው ስንቱ ይመጣ ይሆን እያልኩ ዓይኔን አዞር ነበር። በቀብሯ ላይ ቀናሁባት፣ አዎ። በሕይወቷ ዘመን ሁሉ ስቀናባት ኖሬ ሞቷን ብቻ ልተውላት?

ትርንጎ የሞጣ ልጅ ነች። ቢቸና የመጣችው ባሏ መምህር ሆኖ ሲመደብ ተከትላ ነው። አጠር ያለች፣ ጠይም፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን ሴት ነበረች። መልኳ የሚያስቀና አልነበረም፤ ይኼን ስል ደስ ይለኛል። ስልኳን ከደረቷ አትለየውም፤ ነገር ልትናገር ስትል አውጥታ መስታወቱን በቀሚሷ ትወለውላለች፣ ስልክ ልትደውል ባይሆንም። ከዚያ፣ «መጀመሪያ መጥፎውን ልንገርሽ» ትላለች። ይቺ ንግግሯ ናት ከተማውን የገዛችው።

ለሁሉ ነገር እንዲህ ነበረች። አንድ ጊዜ ለልጇ ክርስትና ጠርታን ሄድን። ገና እጃችንን ሳንታጠብ፣ «መጀመሪያ መጥፎውን ልንገራችሁ፣ ወጡ ጨው በዝቶበታል» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እያጣቀሰ በላ፣ ተጨማሪም ጠየቀ። እኔ ቤት ጨው የበዛበት ወጥ ቢቀርብ ግን ወሬው ደጀን ይደርስ ነበር። ቤት ተከራይ አከራዩን ከማነጋገሩ በፊት እሷን ይጠይቃል፤ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ በጣቷ ታሳየዋለች። አከራዮቹ እንኳ አልተቀየሟትም። እንዴት ብላ እንደምትናገረው እግዜር ይወቀው፤ እኔ ያንኑ ቃል ብናገር ጥል ነው።

ንግድ የጀመረችው በስልክ ነው። ያኔ ፌስቡክ ቢቸና የገባበት፣ ወጣቱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። መርካቶ ከሚገኝ አንድ ነጋዴ ጫማና የአልጋ ልብስ በአውቶብስ ታስልካለች፣ መስኮቷ ደፍ ላይ አስቀምጣ ፎቶ ታነሳለች፣ ትለጥፋለች። የሚፈልግ ይደውላል፣ ብሩን ባንክ ያስገባል፣ እቃው በሾፌር እጅ ይሄድለታል። ሱቅ የለ፣ ኪራይ የለ፣ ፈቃድ የለ። መጀመሪያ የምትለጥፈው ፎቶ ደግሞ የእንከኑ ነው። ክሩ የተተረተረበትን፣ ቀለሙ የለቀቀበትን፣ አስጠግታ ታነሳና ሥሩ፣ «መጀመሪያ መጥፎውን፦ ተረከዙ ሲረገጥ ይጮኻል» ብላ ትጽፋለች። ቆንጆው ፎቶ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ይኼን ሳይ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እብድ ካልሆነች እንከኑን የሚለጥፍ ነጋዴ አለ እንዴ አልኩ። ሳቄ ብዙ አልቆየም።

ባንክ የምትሠራ አንዲት ልጅ ሱቄ ገባች። አረፍ አለች፣ ከታች እስከ ላይ ያለውን አስወረደችኝ፣ ለካች፣ ተራመደች፣ በመስታወት አየች። ተንበርክኬ ማሰሪያውን ሳስርላት ስልኳን አወጣችና እዚያው ፊቴ ደወለች። «ትርንጎዬ፣ ሠላሳ ስምንት ነው ልኬ። ያ ቡናማው አለሽ?» አለች። የትርንጎ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ ሱቁን ሞላው። «መጀመሪያ መጥፎውን ልንገርሽ፣ የእኔ ቆዳ አይደለም። ማናለሽ ጋ ያለው ቆዳ ነው፣ እሱ ይበልጣል።» ልጅቱ ሳቀች፣ ጫማዬን አወለቀች፣ አመስግናኝ ወጣች፣ በማግስቱ የትርንጎን ቡናማ ጫማ አድርጋ በደጄ አለፈች። አንጀቴ አረረ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አመስግናኝ ነው የቀማችኝ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። የቢቸና ሰው እግሩን በእኔ ሱቅ ይለካል፣ ጫማውን ከትርንጎ ይገዛል። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ደግሞ፣ «እታለም፣ ሰው እየላክሁብሽ አስቸገርኩሽ» ትለኛለች፣ ትከሻዬን ይዛ። እታለም። ማን እህት አደረጋት?

አንድ መጽናኛ ነበረኝ። ከመደርደሪያዬ በላይ በመስታወት የተለበጠ የንግድ ፈቃድ ተሰቅሏል። በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ ገቢዎች ሄጄ ተሰልፌ ግብሬን እከፍላለሁ። ያን ቀን ደህና ቀሚሴን ነበር የምለብሰው፤ ስመለስም ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ ነበር የማወራው። «እኛ እንኳ ግብር ከፋዮች ነን» እላለሁ፣ ዓይኔን ወደ ትርንጎ ሰፈር ወርውሬ። አያ ደምለው፣ «ለምን አትጠቁሚባትም?» ይሉኝ ነበር። አልጠቆምኩም፤ ደግነት እንዳይመስላችሁ። ብጠቁም የእኔ ስም ይጠፋል፣ የእሷ ይደምቃል። ደግሞስ ሕገ ወጥ ሆና እንድትቀርልኝ ነበር የምፈልገው። ከእሷ የምበልጥበት ሌላ ምን ነበረኝ?

ያ ዓመት መጣ። እንደ እኔ ያለ ትንሽ ነጋዴ መዝገብ ስለማይዝ ግብሩ የሚወሰነው በግምት ነው። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ ዞረው፣ መደርደሪያውን አይተው፣ በቀን ይኼን ያህል ትሸጣለህ ብለው ይጽፋሉ፤ የዓመቱ ግብር ከዚያ ይወጣል። የዚያ ዓመት ግምት ጠንካራ ነው የሚል ወሬ ከአዲስ አበባ ጀምሮ እየወረደ መጣ። ባሌን አንዱዓለምን፣ «ትርንጎ ደንበኛዬን ወስዳዋለች። ግምቱ በዚህ ላይ ከፍ ካለ ሱቁን እዘጋለሁ» አልኩት። ቀልድ አልነበረም። ለአዲስ ዓመት ብዬ ራሴ አዲስ አበባ ወርጄ፣ አንድ በአንድ አሽትቼ የመረጥኳቸው የቆዳ ጫማዎች መደርደሪያውን ሞልተውታል። ያንን ያየ ገማች ምን እንደሚጽፍ ይታወቃል።

የገበያችንን ወግ ታውቃላችሁ። ግምት ሲመጣ ሱቅ ይራቆታል። ደህና ደህናው እቃ ዘመድ ቤት ይገባል፣ መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣ ብቻ ይቀራል፣ ነጋዴው ፊቱን አጨፍግጎ ይጠብቃል። ያን ዓመት ግን ዘመድ ቤትም ይፈተሻል ተባለ። አያ ደምለው ሱቄ መጥተው፣ «እኔ መላ አግኝቻለሁ። ትርንጎ ሱቅ የላትም፣ ፈቃድ የላትም፣ ዘመዳችንም አይደለችም። ገማች እዚያ ምን ሊሠራ ይሄዳል?» አሉ። የገበያው ነጋዴ ሁሉ ተስማማ። «እኔ እንዴት አድርጌ እሷ ቤት እሄዳለሁ?» ስለው አንዱዓለም፣ «ከትርንጎ የበለጠ የምታምኚው ሰው ካለ ንገሪኝ» አለኝ። የለም። የለም ማለቱ ነበር የከበደኝ። እስከ ዛሬ ያቺን ጥያቄ አልረሳሁለትም።

እቃችንን በጋሪ አስጭነን ሄድን። ትርንጎ በሩ ላይ ቆማ ጋሪዎቹን አየች፣ ስልኳን አወጣች፣ ወለወለች።

«መጀመሪያ መጥፎውን ልንገራችሁ» አለች። «እኔ ገቢዎች ሄጄ ገምቱኝ ብያለሁ። ቤቴ መምጣታቸው አይቀርም።»

ከዚያ አያ ደምለው ሳቁ፣ ሁላችንም ሳቅን። «አንቺ ልጅ፣ ቦታ የለኝም ማለት ከፈለግሽ በቀጥታ ንገሪን እንጂ» አሏት።

«እውነቴን ነው አያ። ባለፈው ኬላ ላይ አንድ ካርቶን ጫማዬን ያዙት። የማን ነው ሲሉ ሾፌሩ ፈርቶ ባለቤት የለውም አለ። ባለቤት የለውም ተብሎ እዚያው ቀረ። ልጄም ትምህርት ቤት እናትሽ ምን ትሠራለች ሲሏት ሥራ የላትም ብላ መጣች። ስለዚህ ሄጄ ነጋዴ ነኝ፣ መዝግቡኝ፣ ግብሬን ንገሩኝ አልኩ።»

«እሺ፣ እሺ። ሲመጡ ሻይ አፍይላቸው» አሉ አያ ደምለው፣ የቀለም ጣሳቸውን ማስወረድ ጀምረው።

እኛ ምን እናድርግ። ገምቱኝ ብሎ በእግሩ የሚሄድ ሰው አይተን አናውቅም። ብትዋሸን ኖሮ እናምናት ነበር። «እንዳልነገርኳችሁ እንዳትሉ» አለች፣ ደጋግማ። እምቢ ማለት ግን አልሆነላትም፤ ያቺ አንዷ ድክመቷ ነበረች። የልጆቿን አልጋ ወደ ግድግዳ ገፍታ ቦታ ለቀቀችልን። ጫማዎቼን እኔ ራሴ ደረደርኳቸው፣ ከእሷ ጫማ ጋር እንዳይቀላቀሉ በአንሶላ ጋርጄ።

የገቢዎቹ ሰው አቶ ሙሉቀን ይባላሉ። ድምፃቸው የማይሰማ፣ ወረቀት ሲገልጡ ጣታቸውን የሚልሱ ሽማግሌ። ትርንጎ መጀመሪያ የሄደች ዕለት የሆነውን በኋላ እሳቸው ናቸው የነገሩኝ። «ሱቅሽ የት ነው?» ቢሏት ስልኳን አወጣችና «እዚህ ውስጥ» አለች። «ቀበሌው?» አሏት። «ኔትወርክ ያለበት ሁሉ» አለች። የቢሮው ሰው በሳቅ ፈረሰ። በምን መልክ እንደሚመዘግቧት ግን ጨነቃቸው። በመጨረሻ፣ እቃሽ ቤትሽ ካለ ቤትሽ መጥተን አይተን እንገምትሻለን አሏት። እንግዲህ የነገረችን እውነቷን ነበር።

ገማቾቹ ወደ እኔ ሱቅ ሲገቡ መደርደሪያው ላይ የፕላስቲክ ጫማና የደረቀ የጫማ ቀለም ብቻ ነበር። እኔም ፊቴን አሳምሬ አጨፍግጌዋለሁ። «ንግድ እንዴት ነው?» አሉ አቶ ሙሉቀን። «ኧረ ምን ንግድ አለ፣ ዝንብ እያባረርን ነው» አልኳቸው። ጣታቸውን ላሱ፣ ትንሽ ጻፉ፣ ወጡ። እፎይ አልኩ። በሩ ላይ ሆኜ ወደ የት እንደሚዞሩ ሳይ ግን ቀጣዩን ሱቅ ዘለሉና ወደ ትርንጎ መንገድ ታጠፉ።

አያ ደምለው ከሱቃቸው ወጥተው አዩኝ፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ገማቾቹን ተከተልናቸው።

ከትርንጎ በር ላይ ቆሜ ነው ሁሉንም ያየሁት። ቤቱ እስከ ኮርኒሱ ሞልቷል። ቀለም፣ ሚስማር፣ የውሃ ቱቦ፣ ብርድ ልብስ፣ ከአንሶላው ሥር ብቅ ያሉ የእኔ ጫማዎች። አቶ ሙሉቀን መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይኼ ሁሉ በስልክ ይሸጣል?»

ትርንጎ ስልኳን በቀሚሷ ወለወለች። «መጀመሪያ መጥፎውን ልንገርዎት፣ አባባ። የእኔ እዚህ ጥግ ያለው ብቻ ነው። ሌላው አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«ያስቀመጠው ሰው ራሱ ይናገር እንጂ እኔ አልናገርም።»

«ልጄ፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ያንቺ ነው የሚባለው። እኔ የማየውን ነው የምጽፈው።»

«ገባኝ።»

«ግብሩ ይጎዳሻል።»

«ያዩትን ይጻፉ» አለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ። በሩ ላይ መቆሜን ታውቃለች። ቀና ብላ አንድ ጊዜ ብታየኝ ነገሩ ባለቀ ነበር። አላየችኝም። አቶ ሙሉቀን ጣታቸውን እየላሱ ከላይ እስከ ታች ጻፉ። በስልክ የምትቸረችረው ትርንጎ በአንድ ከሰዓት የቢቸና ትልቋ ነጋዴ ሆነች።

በማግስቱ ጠዋት አያ ደምለው ነጋዴውን ሰበሰቡ። ግምቱ ቀላል አይደለም፤ ባሏ ደሞዙን ሁሉ ቢያፈስ አይሸፍነውም፤ ቤታቸውን ጥለው ወደ ሞጣ መመለሳቸው ነው ተባለ። እናዋጣላት ተባባሉ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን፣ ዝም ብለን ነገሩን እናሳልፋለን፣ ማንም ስሙን አይጠራም። ሁሉም ተነፈሰ። እኔም ተነፈስኩ። ሱቄ ተረፈ ማለት ነው፤ ግምቴ ትንሽ ነው፣ ጫማዬም ይመለሳል። ትርንጎ ደግሞ ምንም ሳትናገር የከተማው ቅድስት ሆናለች። ሴቱ ሁሉ፣ «ሸሸገችን እኮ» እያለ ደረቱን ይነካል። ይኼንንም በሆዴ ቻልኩት።

ያልቻልኩት ሌላ ነገር ነው። ሱቄ ደጃፍ ላይ ሁለት ሴቶች ጥላ ይዘው ቆሙ። አንደኛዋ፣ «ትርንጎ እኮ የጫማ መጋዘን አላት አሉ» አለች። «ያ ወይን ጠጁ፣ ከላይ የተጠለፈበት የቆዳ ጫማ፣ እንደዚያ ያለ ቢቸና ገብቶ አያውቅም። እንዴት ብላ መርጣ አመጣችው? ዓይን አላት ያቺ ሴት።» ሌላዋ ደግሞ፣ «ማናለሽማ ፕላስቲክ ብቻ ነው ያላት» አለች።

ወይን ጠጁ የእኔ ነው። እሱን ለማግኘት መርካቶን ከላይ እስከ ታች በእግሬ ለቅሜዋለሁ፣ ተረከዜ ቆስሎ ነው የተመለስኩት። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ። ደንበኛዬን ወሰደች፣ ዝም አልኩ። ምስጋናዬን ወሰደች፣ ዝም አልኩ። ግብር ከፋይነቴን እንኳ ሄዳ ወሰደችብኝ። አሁን ደግሞ ጫማዬ የእሷ ነው ሊባል?

ነጠላዬን አነሳሁ። አንዱዓለም በሩን ይዞ፣ «ወዴት ነው?» አለኝ።

«ገቢዎች።»

«አብደሻል? ከተናገርሽ ግምቱ ይወጣል፣ ሱቁ ይዘጋል።»

«ይዘጋ። የራሴን ጫማ የእሷ ነው ሲሉ ከምሰማ ይዘጋ።»

አቶ ሙሉቀን ጠረጴዛ ፊት ስደርስ ትንፋሼ ተቆርጧል። «ባለቤቱ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«የምኑ?»

«ትርንጎ ቤት ያለው የቆዳ ጫማ። ከአንሶላው ሥር ያለው። ሁሉም የእኔ ነው። ወይን ጠጁም።»

«ሱቅሽ ባዶ ነበር እኮ ትናንት።»

«ደብቄው ነበር። ይጻፉት። የማናለሽ ነው ብለው ይጻፉ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ረዥም ጊዜ አዩኝ። «ሕሊና ያለው ሰው አይጠፋም» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ሕሊና አይደለም፣ ቅናት ነው» አልኳቸው። ሳቁ። የምቀልድ መስሏቸው ነው። ምነው እውነት ስናገር የሚያምነኝ ሰው ጠፋ?

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። አያ ደምለው ሱቄ መጥተው፣ «ሴት ሄዳ ተናግራ እኔ ሱሪ ታጥቄ ልቀመጥ?» አሉ፣ ተቆጥተው። ቁጣው በእኔ ይሁን በራሳቸው አልገባኝም። ሄዱ። እሳቸው ከሄዱ ብሎ ብርድ ልብስ ሻጩ ተከተለ፣ ሌላውም ተከተለ። ሳምንቱ ሳያልቅ ትርንጎ ቤት የቀረው ያ ጥጉ ብቻ ሆነ፤ እሱንም አቶ ሙሉቀን እንደገና ገመቱላትና በደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይነት ተመዘገበች።

ወዲያው ሱቄ መጣች። ቆማ ታየኝ ጀመር። ገና ሳትናገር፣ «ለአንቺ ብዬ አይደለም የሄድኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ እታለም።» ስልኳን አወጣች። «መጀመሪያ መጥፎውን ልንገርሽ። እንደምትቀኚብኝ ከድሮም አውቃለሁ።»

«መልካሙስ?» አልኳት።

«መልካሙ፣ እኔም እቀናብሽ ነበር።» ወደ ላይ፣ ወደ ተሰቀለው ፈቃዴ አየች። «ስምሽ ግድግዳ ላይ አለ። በርሽ ላይም አለ። ሰው እግሩን ሊለካ ሲፈልግ የሚመጣበት ቦታ አለሽ። እኔ ስልኬ ባትሪ ሲጨርስ የለሁም። በሱቅሽ ደጅ ሳልፍ ሁልጊዜ ሆዴ ይቃጠል ነበር።»

እንደዚያ ያለ ነገር ሰው ተናግሮኝ አያውቅም። ያን ዕለት ለራት እስክቀመጥ ድረስ እየበረርኩ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ በቅናትም በለጠችኝ። እኔ ስቀና ሰው አማለሁ፣ እሷ ስትቀና ግን ደንበኛ ትልክልኛለች። እንጀራው አልዋጥ አለኝ።

የእኔ ግምት ወጣ፣ እንደተፈራው። ቅሬታ አቀረብኩ፣ ትንሽ ቀነሱልኝ፣ ያም ሆኖ ከበደ። ሱቁን ለመዝጋት አከራዬን አነጋግሬ ነበር። ትርንጎ ፈቃዷን ስታወጣ አድራሻ ስላስፈለጋት ከእኔ ቀጥሎ ያለችውን፣ ፀጉር ቤት የነበረችውን ጠባብ ክፍል ተከራየች። በስልክ ያዘዘ ሰው እቃውን ሊወስድ ይመጣል፣ በእኔ በር ያልፋል፣ ወይን ጠጁን ያያል። ገብቶ ሲለካ የሚደውልበት ምክንያት የለም፤ ትርንጎ በግድግዳው በኩል፣ «ከማናለሽ ግዙ፣ የእሷ ቆዳ ነው» ትላለች። እንደዚያ ነው ሱቁ ያልተዘጋው። ሱቄን ያዳነችው እሷ ናት ብሎ መናገር ጥርስ ከማስነቀል ይከብደኛል፤ ይኸው ተናገርኩት።

ፈቃዷን የሰቀለች ዕለት ልጇ የክፍሏን ልጆች ሰብስባ አመጣች። በጣቷ እያሳየች፣ «ይኼ የእናቴ ስም ነው» ትላለች። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ቆማ ነበር። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ስል ታለቅሳለች።

ብዙ አልኖረችም። ሆዷን አመማት፣ ባሕር ዳር ተመላለሰች፣ ወደ እናቷ ቤት ሞጣ ገባች። ልጠይቃት ስሄድ አልጋው ላይ ተንጋላ፣ «መጀመሪያ መጥፎውን ልንገርሽ» አለችኝ። ሳትጨርሰው እጇን ያዝኩት። መልካሙን አልጠየቅኋትም፤ እሷም አላስቸገረችኝም። ሐምሌ እየመጣ ስለነበር ግብሯን እንድከፍልላት አደራ አለችኝ። ከፈልኩላት።

ቀብሯ ላይ አያ ደምለው ተነስተው ለሕዝቡ ተናገሩ። «ይቺ ልጅ ናት ያስተማረችን። በእሷ ምክንያት ነው ሄደን እውነቱን የተናገርነው» አሉ። ሕዝቡ ተንሰቀሰቀ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ «መጀመሪያ የሄድኩት እኔ ነኝ» አልኩ። አጠገቤ የቆመች ሴት፣ «አይዞሽ፣ እህትሽ ነበረች መሰለኝ» አለችኝ። አዎ አልኳት።

ከቀብር መልስ ያቺ መምህርት ለክታ ያልጨረሰችውን ጫማ ልትለካ መጣች። ወይን ጠጁን ነው። ሁለቱንም እግሯን አስገባች፣ ተነሳች፣ ወዲያ ወዲህ አለች። በጣም አማረባት። ከዚያ ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ ማናለሽ፣ መጀመሪያ መጥፎውን ንገሪኝ።»

የእኔ ጫማ መጥፎ የለውም ልል አፌን ከፈትኩ። ዕድሜዬን ሁሉ ያልኩት እሱን ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ጠባቧ ክፍል ተቆልፋለች፤ ድምፅ የለም።

«ዝናብ ሲመታው ቀለሙ ይለቃል» አልኳት።

ከፈለች፣ አመሰገነችኝ፣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥያቄ ሳይጠይቀኝ የሚገዛ ሰው ቢቸና ውስጥ የለም። ሱቁ የእኔ ነው፣ ፈቃዱ የእኔ ነው፣ ግብሩንም የምከፍለው እኔ ነኝ። ደንበኞቹ ግን እስካሁን የእሷ ናቸው።